ፕራቩስ፦ ላቲኖች ክፉን ሰው ለምን «ጠማማ» አሉት?

እመ_ሶልያና · ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ልጄ ጂምናዚየም (እዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማለት ነው) ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ዘንድሮ ላቲን ጀምራለች። ትናንት ማታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የቃላት ካርዶቿን ዘርግታ ስታጠና አንዷ ካርድ ላይ ቆመች። ፊት ለፊቱ «ፕራቩስ» ይላል። ጀርባው ላይ በጀርመንኛ መጀመሪያ «ክሩም»፣ ከሥሩ ደግሞ «ሽሌሽት» ተብሎ ተጽፏል። «እማዬ፣ የታጠፈ ሽቦና ክፉ ሰው እንዴት አንድ ቃል ይሆናሉ?» አለችኝ።

እኔም ሳላስበው «ጠማማ በያ!» አልኳት። ሳቀችና ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጠማማ» ብላ ጻፈች፤ ገባት። እሷ ተኛች፣ እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዕድሜ ልኬን «ልቡ ጠማማ ነው» ስል ኖሬ እንጨት ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ቃሉ ከየት መጣ? ከመጀመሪያው የእንጨት ነበር ወይስ የሰው? የምታውቁ አስረዱኝ፣ ለልጄም እንድነግራት።

ናትናኤል_ዘአዲስ · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

የሐዋርያት ሥራ 2፥40፦ «ከዚህ ጠማማ ትውልድ ዳኑ»። የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ቩልጋታ፣ እዚያው ቦታ ላይ «ጄኔራቲዮኔ ኢስታ ፕራቫ» ይላል። ያንቺው ካርድ ነው። ግሪኩ ደግሞ «ስኮሊያስ» ነው፤ ሐኪሞች የአከርካሪ መጣመምን ስኮሊዮሲስ የሚሉት ከዚሁ ቃል ወስደው ነው።

ዘሮም · ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡30

እመ ሶልያና፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ሮም ስማር አራት ዓመት ላቲን ተምሬያለሁ፤ ይህን ቃል ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁና ትንሽ ላስረዝም።

መጀመሪያ አነባበቡ። የጥንት ሮማውያን «ፕራዉስ» ይሉት ነበር፤ የ«ቭ» ድምፅ በኋላ የመጣ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ፕራቩስ» ይባላል። ለሴት ፕራቫ፣ ለግዑዝ ፕራቩም።

የመጀመሪያ ትርጉሙ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ነው፦ ቀጥ ያላለ፣ የተጣመመ፣ ቅርጹ የተበላሸ። ገጣሚው ሆራስ ስለ ግጥም አሠራር ሲመክር ጥቂቱን አሳምሮ ሙሉውን መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ ያነሳና፣ ጥቁር ዓይንና ጥቁር ጠጉር ይዤ በጠማማ አፍንጫ መኖር እንደማልፈልግ ሁሉ እንደዚያ ሰው መሆንም አልፈልግም የሚል ሐሳብ ያስገባል። አፍንጫው ፕራቩስ ነው። እዚያ ኃጢአት የሚባል ነገር የለም፤ አፍንጫ ብቻ ነው።

ድልድዩን በግልጽ ያሳየን ሮማዊው ተናጋሪና ጸሐፊ ሲሰሮ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት በጻፋቸው የቱስኩሉም ውይይቶች ውስጥ የሰውነት ክፍሎች እርስ በርስ ሳይስማሙ ሲቀሩ «ፕራቪታስ ሜምብሮሩም» ይመጣል ይላል፤ የአካላት መጣመም ማለት ነው። ወዲያው ይህን ወደ ነፍስ ያሻግረዋል፦ የአንድ ሰው ሐሳብና ሕይወት እርስ በርሱ ሲጋጭ ነፍሱም እንደዚያ አካል ናት። ስለዚህ መልስሽ፦ እንጨቱ ይቀድማል፣ ሰውየው ይከተላል።

«ደ» የሚል መነሻ ሲጨመርበት «ዴፕራቫሬ» ይሆናል፤ ማጣመም፣ ማበላሸት። እንግሊዞች ዲፕሬቭድ፣ ጣልያኖች ዴፕራቫቶ የሚሉት ከዚህ የወጣ ነው።

ላቲን ለክፋት ብዙ ቅጽል አለው፤ ግን እያንዳንዱ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። «ማሉስ» ደፍኖ መጥፎ ማለት ነው፣ ጣልያኖች «መጥፎ አየር» ብለው ወባን ማላሪያ ያሉት በዚሁ ቃል ነው። «ኔፋሪዩስ» የአማልክትን ሕግ የጣሰ ነው፤ «ፋስ» የተፈቀደው፣ «ኔፋስ» ያልተፈቀደው። «ኢኒኩዩስ» ያልተስተካከለ፣ ወጣ ገባ የሆነ። እኔ ከሁሉ ፕራቩስን የምመርጠው ቀጥ ያለ ነገር እንዳለ ስለሚያምን ነው። ቀጥታውን ሳያውቁ ጠማማ ማለት አይቻልም።

የኔታ_ልጅ · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ወንድሜ ዘሮም፣ ላቲን ከግሪክ፣ ግሪክም ከግዕዝ ነው የወሰዱት። «ፕራቩስ» ከ«ረበሸ» ጋር አንድ አይመስልህም? ር፣ ብ፣ ሽ። እስቲ አስብበት።

ዘሮም · ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡50

ወንድሜ፣ ግዕዝን መውደድህ ደስ ይለኛል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ አንዱ የሌላው ልጅ አይሆንም። በ«ፕራቩስ» መጨረሻ ያለው «ኡስ» የወንድ ቅጽል ምልክት ብቻ ስለሆነ የቃሉ ሥር ውስጥ አይገባም፤ ያ ሲወጣ ንጽጽሩ ይፈርሳል። የላቲን ሥርወ ቃል ሊቃውንትም ለፕራቩስ የተስማሙበት ምንጭ የላቸውም። መዝገበ ቃላቶቻቸው ላይ ምንጩ ያልታወቀ ተብሎ ነው የሚቀመጠው።

ተቃራኒው ግን ዘሩ ሁሉ የታወቀ ነው፦ «ሬክቱስ»፣ ቀጥ ያለ። ሬጌሬ (ማቅናት፣ መምራት)፣ ሬክስ (ንጉሥ)፣ ሬጉላ (ማስመሪያ)፣ ዲሬክቱስ፣ ሁሉም ወንድማማቾች ናቸው። መሥሪያ ቤት ውስጥ በር የምናንኳኳለት ዳይሬክተር ትርጉሙ አቅኚ ነው። ሉቃስ 3፥5ን በላቲን እዩት፦ «ኤሩንት ፕራቫ ኢን ዲሬክታ»። በአማርኛችን «ጠማማውም የቀና መንገድ»። ሁለቱ ጠላቶች አንድ መስመር ላይ ፊት ለፊት ቆመዋል።

ግንበኛው · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

እኔ የተማርኩት ግንባታ ነው፣ ላቲን አላውቅም። ግን ይቺን ልበል። ጠማማ ግድግዳ ሲሠራ ለዓይን አይታይም። የማዕዘኗ ብሎኬት ሁለት ሚሊ ብቻ ወደ ውጪ ትወጣለች፤ ማንም ልብ አይላትም። በሚቀጥለው ረድፍም ሁለት ሚሊ፣ በሚቀጥለውም። አሥራ አምስተኛው ረድፍ ላይ፣ ሦስት ሜትር ስትደርስ፣ ቱምቢውን ስትጥል ሦስት ሳንቲም ወጥቶ ታገኘዋለህ። ያኔ በልስን አይሸፈንም። ይፈርሳል። እና ክፉ ሰው ጠማማ ነው ሲባል እኔ የሚታየኝ ይሄ ነው። አንድ ቀን ተነስቶ ክፉ የሆነ ሰው አላየሁም።

ዘሮም · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ግንበኛው፣ ይህን የጻፍከውን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ምዕት ዓመት የኖረው ሮማዊ ገጣሚ ሉክሬቲየስ ያንተኑ ቃል ብሎታል። የምናየውንና የምንሰማውን ካላመንን ሐሳባችን ሁሉ ይዛባል ብሎ ይከራከርና ምሳሌ ሲፈልግ ወደ ግንባታ ቦታ ይሄዳል። «ሲ ፕራቫ ኤስት ሬጉላ ፕሪማ» ይላል፦ የመጀመሪያው ማስመሪያ ጠማማ ከሆነ፣ «ኖርማው» ከቀጥታ መስመር ከወጣ፣ «ሊቤላው» በአንድ በኩል ቅንጣት ካነከሰ፣ ቤቱ በሙሉ ያዘነበለ፣ የጎበጠ፣ ወደፊት የተደፋ፣ ወደኋላ የተንጋለለ ይሆናል፤ ከፊሉማ አሁን ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል።

ኖርማ ማለት እናንተ ስኳድራ የምትሉት የማዕዘን መለኪያ ነው። ሊቤላ ውኃ ልክ። ዛሬ «ኖርማል» የምንለው ሁሉ ከስኳድራ የመጣ ነው።

ግንበኛው · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ስኳድራ፣ ውኃ ልክና ማስመሪያ። ዛሬም የያዝነው እነዚያኑ ነው። ለልጆቹ ነገ ሥራ ላይ አነብላቸዋለሁ።

ዘናታንያ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሰላም ከእስራኤል። የናትናኤልንና የዘሮምን ጽሑፍ አይቼ ዕብራይስጡን ገለጥኩ። ኢሳይያስ 40፥4 ላይ፣ ሉቃስ የጠቀሰው ቦታ ማለት ነው፣ «ጠማማውም ይቃናል» የሚለው በዕብራይስጥ «ዓቆብ» ነው። ይኸው ቃል ኤርምያስ 17፥9 ላይም አለ፣ ስለ ልብ ሲናገር፦ «ዓቆብ ሃሌብ ሚኮል»። አማርኛው እዚያ ላይ «የሰው ልብ ከሁሉ ይልቅ ተንኮለኛ» ብሎ ተርጉሞታል፤ ትርጉሙ ልክ ነው፣ መንገዱ ግን ጠፋ። የቃሉ ሥር ተረከዝ ነው፣ የአባታችን የያዕቆብም ስም ከዚያው ነው። የኤሳውን ተረከዝ ይዞ ተወለደ፤ ኤሳው ደግሞ በኋላ፣ በዘፍጥረት 27፣ በዚያው ስም ላይ አለቀሰበት።

ላቲኑ ሁለቱን ቦታ ምን ይላቸዋል?

ዘሮም · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ለሁለቱም ፕራቩስ! ኢሳይያስ ላይ «ፕራቫ ኢን ዲሬክታ»፣ ኤርምያስ ላይ «ፕራቩም ኤስት ኮር ኦምኒዩም»፤ የሁሉ ልብ ጠማማ ነው። ሁለቱንም ከዕብራይስጥ የተረጎማቸው ቅዱስ ሄሮኒሞስ ነው። መንገዱንና ልቡን በአንድ ቃል አሰራቸው። ስላነሳሽልኝ አመሰግናለሁ፣ እነዚህን ሁለት ቦታዎች ጎን ለጎን አድርጌ አይቼ አላውቅም ነበር።

መሪጌታ_ዘጎጃም · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡45

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ግዕዙንም አትርሱ። ጠወየ ማለት ተጠማዘዘ፣ ጠመመ ማለት ነው፤ ለሐረግም ለሰው ጠባይም ይነገራል። ተቃራኒው ረትዐ ነው፤ ቀና፣ ቀጥ አለ። ከዚያ ርትዕ፣ ርቱዕ ይወጣል። ፍርድ ቤት «ፍትሕ ርትዕ» የምትሉት፣ ሃይማኖታችንን «ርትዕት» የምንለው ከዚህ ነው። ኦርቶዶክስ የሚለው የግሪክ ቃልም «ኦርቶስ» ሲል ቀጥ ያለ ማለቱ ነው። ቀኖናም መጀመሪያ መቃ ነበር፤ የመለኪያ ዘንግ፣ ግንበኛው እንደሚይዘው ያለ። እንግዲህ ሃይማኖት ርትዕት ከተባለች፣ ከእርሷ የወጣው ምን ተባለ? እሱን ዘሮም ይንገረን።

ዘሮም · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

መሪጌታ፣ እርስዎ የጠየቁት የቃሉን ከባድ ዘመን ነው። በመካከለኛው ዘመን የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ኑፋቄን «ሄሬቲካ ፕራቪታስ» አለችው፤ የመናፍቃን ጠማማነት። የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 9ኛ እ.ኤ.አ. ከ1231 ጀምሮ መርማሪዎችን ሲሾሙ የሹመቱ ስም «የመናፍቃን ጠማማነት መርማሪ» ሆነ። ወለድ መብላትም ፕራቪታስ ተባለ፣ ክህነትን በገንዘብ መሸጥም።

እዚህ ላይ እኔ ቆም እላለሁ። ስለ አፍንጫና ስለ ማስመሪያ ይነገር የነበረ ቃል በሰው ክስ ማመልከቻ ላይ ተጻፈ፤ በዚያ ክስም ሰዎች በእሳት ተቃጠሉ። ማስመሪያው በማን እጅ እንዳለ ሳይጠየቅ ሲቀር ቃሉ እንዲህ ይሆናል። ሉክሬቲየስ ስለ መጀመሪያው ማስመሪያ ያነሳው ነገር እዚህ ጋ ነው የሚያሳስበኝ።

ባለ_ከዘራው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡10

ከሰኞ ጀምሮ ዝም ብዬ ስከታተል ነበር። ልናገር አልናገር ስል ቆየሁ።

የተወለድኩት ሁለቱም እግሬ ቆልማማ ሆኖ ነው። በኛ ጊዜ በገጠር ሕክምናው አልነበረም። ሰፈር ውስጥ ስሜ ጠማማው ነበር። «ጠማማው መጣ»፣ «ጠማማው ይጠራ»። ስድስት ወይ ሰባት ዓመቴ ሳለ በሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩ «ከዚህ ጠማማ ትውልድ ዳኑ» የሚለውን አነበቡ። ልጆቹ ሁሉ ዞረው እግሬን አዩ። መምህሩ ያንን አላዩም፣ ማንበባቸውን ቀጠሉ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያቺን ጥቅስ ስሰማ እግሬን ወንበር ሥር እሰበስባለሁ።

ስለዚህ የላቲኑ ቃል ለእንጨትም፣ ለአካልም፣ ለክፋትም አንድ ነው ስትሉ ለእናንተ ውበት ነው። ለኔ ሌላ ነው። አልተቆጣሁም፣ ግን እንድታውቁት ፈለግሁ።

እመ_ሶልያና · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡25

ወንድሜ፣ ስላካፈልከን እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን ክር ስከፍት ይህ አልታየኝም ነበር። ነገ ለልጄ ይህንንም እነግራታለሁ፣ ካርዱ ላይ ካለው በላይ ማወቅ ያለባት ይሄንን ነው።

ዘሮም · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ባለ ከዘራው ወንድሜ፣ ሌሊቱን ስላንተ ሳስብ አደርኩ። ይቅርታ አድርግልኝ። «የአካላት መጣመም» ብዬ ስጽፍ ከዚያ በኩል የሚያነብ ሰው እንዳለ አላሰብኩም።

አንድ ነገር ላምጣልህ። ይኸው ሆራስ በሌላ ግጥሙ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ35 ዓመት ገደማ በወጣው፣ ስለ አባቶች ይናገራል። ዓይኑ የሸወረረ ልጅ አባቱ ሸውራራ አይለውም፣ ለስለስ ያለ ሌላ ቃል ይፈልግለታል። ድንክ የሆነውን ልጅ አባቱ «ጫጩቴ» ይለዋል። እግረ ወልጋዳውን «ቫሩስ» ይለዋል። ቁርጭምጭሚቱ ጠማማ ሆኖ፣ «ፕራቪስ ታሊስ»፣ መቆም ያቃተውን ልጅ አባቱ አፉን እንደ ሕፃን እያኮላተፈ «ስካውሩስ» ብሎ ያቆላምጠዋል። ሆራስ ይህን የሚያመጣው ለመሳለቅ አይደለም፤ እኛም የወዳጆቻችንን ጉድለት እንደ እነዚያ አባቶች እንጥራ ነው የሚለው። በላቲን ቅኔ ውስጥ ፕራቩስ የሚለው ቃል ስለ እግር ሲነገር ካየሁት ቦታ ሁሉ ይህ አንዱ ነው፣ እዚያ ያለውም አባት ነው እንጂ ከሳሽ አይደለም።

ያንተ ሰፈር ልጆች ያንን አባት አላገኙትም ነበር።

ባለ_ከዘራው · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡05

አመሰግናለሁ። አባቴ «ኮልታፋዬ» ይለኝ ነበር። እግሬ ነው የሚኮላተፈው ይል ነበር። ዛሬ ነው ያስታወስኩት።

የእህቴ ልጅም እንደኔው ሆኖ ነበር የተወለደው። እሱን ግን በሁለት ሳምንቱ ሐኪም ቤት ወሰድነው። በየሳምንቱ እግሩን በእጃቸው በቀስታ እየገፉ ጄሶ ያስሩለታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ፈትተው ትንሽ ጨምረው ይገፋሉ። ስድስት ጄሶ። ከዚያ የተረከዙን ጅማት ትንሽ ነካ አደረጉለት፣ ማታ ማታ ደግሞ ከብረት ጋር የተያያዘ ጫማ። አሁን ኳስ ይጫወታል። ካርዱ ላይ በሐኪም ቋንቋ «ቫረስ» የሚል ነበረበት፤ ያንተ ቫሩስ መሆኑን አሁን አወቅሁ።

እመ_ሶልያና · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ቫሩስ! እዚህ ጀርመን ልጆች ሁሉ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ9 በቶይቶቡርግ ጫካ ሦስት ሌጌዎን ያለቀበት የሮማ ጦር አዛዥ ነው። ስሙ እግረ ወልጋዳ ማለት መሆኑን ሶልያና ስትሰማ ምን እንደምትል እንጃ።

ቶሪኖ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡10

አንድ ጥያቄ። ጣልያን አገር አንድ ሰው «ብራቮ» የመጣው ከዚህ ከፕራቩስ ነው አለኝ። እውነት ነው?

ዘሮም · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡45

ከሚቀርቡት ሐሳቦች አንዱ ነው። አንዳንዶቹ ከ«ባርባሩስ» ያመጡታል፣ ሌሎች ከፕራቩስ፣ ሌሎች ደግሞ ሁለቱ ተቀላቅለው ነው ይላሉ፤ አልተቋጨም። የተረጋገጠው ግን ብራቮ ሲጀምር ማሞገሻ እንዳልነበረ ነው። በስፓኝ ለትግል የሚወጣው ኃይለኛ ኮርማ እስከ ዛሬ «ቶሮ ብራቮ» ይባላል። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ «ብራቪ» ማለት ጌቶች በገንዘብ የሚያሰማሯቸው የታጠቁ ጉልበተኞች ነበሩ። አስፈሪው ደፋር ሆነ፣ ደፋሩ ጎበዝ ሆነ፣ አሁን ሕፃን ልጅ ሾርባውን ሲጨርስ ብራቮ ይባላል። የኛን «ጎበዝ» አስቡት፦ የጎበዝ አለቃ ጦር ይዞ የሚወጣ ነበር፣ ዛሬ የቤት ሥራዋን የጨረሰች ልጅ ጎበዝ ትባላለች።

መሪጌታ_ዘጎጃም · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

መክብብ 1፥15 «ጠማማ ይቀና ዘንድ አይችልም» ይላል። የልጃችንን የባለ ከዘራውን የእህት ልጅ ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ይህ ጥቅስ ከበደኝ። ዘሮም፣ ላቲኑ እንዴት ይለዋል?

ዘሮም · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡50

መሪጌታ፣ እዚያ ፕራቩስን አልተጠቀመም፣ በትርጉም የሚቀርበውን «ፔርቨርሲ» የሚለውን ነው። ግን የሚገርመው ግሡ ነው፦ «ፔርቨርሲ ዲፊቺሌ ኮሪጉንቱር»። ጠማሞች በችግር ይቃናሉ። ዕብራይስጡ አይችልም ያለውን ሄሮኒሞስ «በጭንቅ» አለው። «ኮሪጌሬ» ደግሞ የዚያው የሬጌሬ ልጅ ነው፤ ማቅናት። የፈተና ወረቀት ማረምን ፈረንጅ የሚጠራበት ቃል ከዚህ የመጣ ነው።

ግንበኛው · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡05

በአናጢ ቋንቋ ማረቅ ነው የምንለው። ጠማማ ዱላ እሳት ዳር ሞቅ ይደረግና ይታረቃል። የተጣሉ ሰዎችም ይታረቃሉ። አንድ ቃል ነው። አባቴ ዱላ ሲያርቅ አይቸኩልም ነበር፤ ከቸኮልክ ይሰበራል።

እመ_ሶልያና · ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡15

ፈተናው ዛሬ ጠዋት ነበር። ሃያ አምስት ቃላት። ፕራቩስ አልመጣም! «ኮሪጌሬ» ግን መጥቶ ነበር፤ ማታ ከዘሮም ጽሑፍ አንብቤላት ስለነበር ጻፈችው። ሶልያና ለባለ ከዘራው ሰላምታ ልካለች፤ የእህትህ ልጅ በየትኛው እግሩ እንደሚመታ ትጠይቃለች።

የሚቀጥለው ምዕራፍ ካርዶች ላይ ደግሞ «ኔኳም» የሚል አገኘን፣ ያው ክፉ፣ የማይረባ ማለት ነው፤ ግን በወንድ በሴት፣ በነጠላ በብዙ የማይለወጥ ቅጽል ነው ይላል። በሉቃስ 19 ጌታው ባሪያውን «ሴርቬ ኔኳም» ይለዋል። እንዴት ቅጽል ሳይረባ ይቀራል? ለሱ አዲስ ክር እከፍታለሁ፣ መሪጌታና ዘሮም እዚያ ጠብቁኝ።